የጫኖ ሰው በምን ይታወቅ ነበር? ጎሳ፣ ባይራነትና የክብር ምልክት በጋሞ ምድር

የቤተሰብ አርማ የሚባለው፣ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤት ከሌላው ተለይቶ እንዲታወቅ በጋሻ ቅርጽ ላይ በቀለምና በምስል የሚሠራ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድና ባለቤትነቱ በሥርዓት የሚጠበቅ ምልክት ነው። ልማዱ በምዕራብ አውሮፓ ሥር የሰደደው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ መነሻው ፊቱን በብረት ቁር የሸፈነ ፈረሰኛ ወገን ይሁን ጠላት ለመለየት ማስቸገሩ እንደሆነ በተለምዶ ይነገራል። የአንዡው መስፍን ጆፍሩዋ በ1151 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ ለመቃብሩ የተሠራው የኢናሜል ሰሌዳ፣ መስፍኑን ወርቃማ አንበሶች የተሣሉበት ሰማያዊ ጋሻ ይዞ ስለሚያሳየው፣ ከቀደምቶቹ ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል፤ በእንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ካቴድራል የተቀበረው የልጅ ልጁ ዊልያም ሎንጌስፔም እነዚያኑ አንበሶች በጋሻው ላይ ይዞ ስለሚታይ፣ ምልክቱ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ለዘር መተላለፍ መጀመሩ ከሁለቱ መቃብሮች ይነበባል።

ምልክቶቹን በቃልና በመዝገብ የሚይዙት፣ በጦር ጨዋታ ጊዜ የተፋላሚዎቹን ስምና ትውልድ እየጠሩ ያስተዋውቁ የነበሩ አዋጅ ነጋሪዎች ናቸው። የእንግሊዝ አዋጅ ነጋሪዎች በ1484 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ቻርተር አግኝተው ያቋቋሙት ማኅበር ዛሬም በለንደን ሥራውን ይሠራል፤ ይህ ማኅበር አጥብቆ የሚያስተምረው ደግሞ አርማ የመጠሪያ ስም ሳይሆን የአንድ ሰውና የሕጋዊ ወራሾቹ ንብረት መሆኑን፣ ስለዚህም አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም የሚጠሩ ሰዎች ሁሉ በስማቸው ብቻ አንድ አርማ ሊጋሩ እንደማይችሉ ነው። ነጋዴዎች የገዢውን የቤተሰብ ስም ጠይቀው የሚሸጡለት ባለ ክፈፍ ጋሻ በዚህ ሕግ ዓይን ዋጋ የለውም። ሥዕሉ ዋጋ የሚያገኘው ጥያቄ ሲመልስ ነውና፦ ይህ ሰው ከማን ተወለደ? በወንድሞቹ መካከል ስንተኛ ነው? ምን ዓይነት ሹመት ይዟል? ከማንስ ጋር ሊጋባ ይችላል ወይም አይችልም? እነዚህን ጥያቄዎች ያልጠየቀ ማኅበረሰብ የለም፤ መልሱን በጋሻ ላይ የሣለው ግን ጥቂቱ ነው።

የሰሜኑ የኢትዮጵያ ደጋ መልሱን በጋሻ ላይ ካልሣሉት አንዱ ነው። ጋሻ ነበረ፤ በብርም ያጌጥ ነበር፤ የአንበሳ ጎፈርና ለምድም የጀግና ክብር ነበሩ። ሆኖም እነዚህ ሁሉ ለሰውየው ለራሱ የሚሰጡ ሽልማቶች እንጂ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚወርዱ የቤት ምልክቶች አልነበሩም። ለአውሮፓው አርማ በጣም የሚቀርበው የፈረስ ስም ነው፦ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ሲጠሩ፣ ስሙ በፉከራና በጦር ሜዳ እየተጮኸ ወገንን ያሰባስብ ስለነበር፣ በዓይን የሚታይ ሳይሆን በጆሮ የሚሰማ አርማ ሆኖ አገልግሏል። ይሁንና የምኒልክ ልጅ አባ ዳኘው ተብላ አትጠራም፤ የፈረስ ስም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የቤተሰብ መጠሪያ በዚያ አካባቢ ያልበቀለበት ዋነኛ ምክንያት የመሬት ሥሪት ይመስላል። ርስት የሚባለው የመሬት መብት በአባትም በእናትም በኩል ወደ አንድ አቅኚ አባት ትውልድ በመቁጠር ይጠየቅ ስለነበር፣ ብልህ ገበሬ በእናቱ እናት በኩል በአንድ ደብር፣ በአባቱ አባት በኩል በሌላ ደብር ድርሻ ሊሟገት ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በአንድ የአባት መስመር ብቻ የሚወርድ የቤተሰብ ስም መብቱን የሚያጠብ ነገር ይሆንበት ነበር። ስለዚህ የራሱንና የአባቱን ስም ይዞ፣ የቀረውን የዘር ሐረግ በቃሉ እየቆጠረ ኖረ።

በዘር የወረደው ትልቁ ሥዕላዊ ምልክት የዙፋኑ አንበሳ ነው። «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ቃልና ዘውድ የደፋው አንበሳ በነገሥታቱ ማኅተም ላይ ሲቀረጹ፣ ማንነትን በዘር ሐረግ የሚያስረዳ የአርማ ሥራ ሠርተዋል። አውሮፓውያን የአርማ መዝጋቢዎች ኢትዮጵያን ሳያዩ «ቄስ ዮሐንስ» ለሚሉት ንጉሥ የተሰቀለውን ክርስቶስ የሚያሳይ ጋሻ በመካከለኛው ዘመን ሥለውለት ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእንግሊዝ የጋርተር ኒሻን ሲሰጣቸው፣ እንደ ኒሻኑ ወግ ባለ አንበሳው ሰንደቃቸው በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ከሌሎቹ ባለ ኒሻኖች ሰንደቅ ጋር ቦታ አገኘ። ይህ ግን የዙፋን ታሪክ ነው። ተራው ቤተሰብ፣ ገበሬውና ሸማኔው፣ በምን ይታወቅ እንደነበር ለመረዳት ከዙፋኑ ርቆ፣ የዘር መስመር በአባት በኩል ብቻ ወደሚቆጠርበት ወደ ደቡቡ ምድር መውረድ ያስፈልጋል።

ጫኖ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻና በጋሞ ደጋ ግርጌ መካከል የተዘረጋ ቆላ ሲሆን፣ ዛሬ ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ ተብለው በሚጠሩ ቀበሌዎች ተከፍሎ ይገኛል። ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ያቋርጠዋል፤ ግራና ቀኙ የሙዝና የማንጎ እርሻ ነው፤ ወደ ምዕራብ ቀና ያለ ሰው ኦቾሎ በዐለታማው ጉብታ ላይ ተቀምጣ ያያታል። ጋሞዎች እንዲህ ያለውን በራሱ ወግ የሚተዳደር ምድርና ማኅበረሰብ በአንድ ቃል ደሬ ይሉታል። የጋሞ ደሬዎች በተለምዶ 42 እንደሆኑ ይነገራል፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ዲታ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ፣ ጋንታ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። እያንዳንዱ ደሬ ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚመክርበትና የሚፋረድበት ዱቡሻ የሚባል አደባባይ፣ መሥዋዕት የሚያቀርብለት ካዎ የሚባል ንጉሥ፣ ዎጋ የሚባል ሕግና ልማድ አለው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊት፣ ማለትም የዐፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ከማስገበሩ በፊት፣ ደሬዎቹ አንዳንዴ እየተዋጉ፣ አንዳንዴ እየተገበያዩ ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር።

በዚህ ምድር ላይ የቤተሰብ ስምን ሥራ የሚሠራው ጎሳ ነው። ልጅ የአባቱን ጎሳ ይወርሳል፤ ሴት ልጅ ብታገባም ጎሳዋ አይለወጥም፤ ጎሳው ከደሬ ወሰን ስለሚያልፍ፣ ከደጋው የወረደ ሰው በቆላው የሚያገኘውን እንግዳ ሰው ጎሳውን ጠይቆ ወንድሙ መሆን አለመሆኑን ያውቃል። በብዙው የጋሞ አካባቢ ጎሳዎቹ ደግሞ ማላና ዶጋላ ተብለው በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይመደባሉ፤ ይህ አመዳደብ በጎረቤቱ ወላይታም የታወቀ ሲሆን፣ የወላይታ ነገሥታት ሁለት ሥርወ መንግሥታት ወላይታ ማላና ትግሬ በሚባሉ የጎሳ ስሞች መጠራታቸው የጎሳ ስም እስከ ዙፋን ድረስ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያሳያል። የሰሜኑ ክርስቲያን ከጋብቻ በፊት እስከ 7 ቤት ትውልድ ሲቆጥር፣ የጋሞ ሰው ግን ቁጥር አያስፈልገውም፤ የጎሳው ስም አንድ ከሆነ፣ ዝምድናው ሃያ ትውልድ ቢርቅም ጋብቻው የተከለከለ ነው። አንድ ቃል የትውልድ ሐረጉን ሁሉ በውስጡ ይዞ ይገኛል።

ይህ አሠራር ከእንግሊዙ ይልቅ የሚቀርበው ለፖላንዱ የአርማ ሥርዓት ነው። በፖላንድ አንድን አርማ አንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን ደም የሚያገናኛቸውም የማያገናኛቸውም በርካታ ቤተሰቦች ይጋሩት ነበር፤ አርማው የራሱ ስም ያለው ሲሆን፣ ባለ አርማዎቹም እንደ አንድ ወገን ይቆጠሩ ነበር። በ1413 እ.ኤ.አ. በሆሮድሎ በተደረገው ስምምነት 47 የፖላንድ ቤቶች 47 የሊቱዌንያ መኳንንትን ወደ አርማቸው ሲያስገቡ፣ ድርጊቱ ሁለት ሕዝቦችን በወንድምነት የማሰር የፖለቲካ ሥራ ነበር። በኢትዮጵያ ደቡብም እንግዳን በጎሳ ውስጥ ማስገባት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ልዩነቱ የሆሮድሎው በብራና ላይ በማኅተም ሲጸና፣ የደቡቡ በመሥዋዕትና በመሐላ መጽናቱ ነው።

ጎሳ ሰውዬው ከማን እንደተወለደ ሲናገር፣ ስንተኛ እንደተወለደ የሚናገረው ባይራነት ነው። ባይራ ማለት የበኩር ልጅ፣ በዘሩም ውስጥ ቀዳሚ የሆነው መስመር ማለት ሲሆን፣ በጋሞ አስተሳሰብ ከክብር ስም በላይ ሥራ ነው። አባት ለቤተሰቡ፣ የዘሩ ባይራ ለዘሩ፣ የጎሳው ባይራ ለጎሳው፣ ካዎው ደግሞ ለመላው ደሬ ይሠዋል፤ ታናሽ ታላቁን ቀድሞ ቢሠዋ ወግ ይፈርሳል፤ የፈረሰው ወግም ጎሜ ይሆናል። ጎሜ በአንድ ጊዜ ጥፋትንም የጥፋቱንም መዘዝ የሚይዝ ቃል ሲሆን፣ በሽታ፣ የዝናብ መቅረት፣ የከብት ማለቅና የመሬት መምከን በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚተረጎሙት በእሱ ነው። እንግሊዛውያን የአርማ ባለሙያዎች ለተመሳሳዩ ችግር ያገኙት መፍትሔ ምን ያህል እንደሚቀርብ ልብ ሊባል ይገባል፦ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ሙሉውን አርማ የሚይዘው የቤቱ ራስ ብቻ ሲሆን፣ በኩሩ አባቱ በሕይወት ሳለ ከጋሻው ላይኛው ክፍል ባለ ሦስት እግር አግዳሚ ምልክት፣ ሁለተኛው ልጅ ጨረቃ፣ ሦስተኛው ኮከብ ይጨምራል፤ የሚያይ ሰውም በአንድ ጊዜ ቤቱንና የልጁን ተራ ያነባል። ጋሞ ይህንን በጋሻ ላይ አልጻፈም፤ በመሥዋዕቱ ቅደም ተከተል ላይ ግን በማይሳሳት ሁኔታ አስፍሮታል።

በትውልድ የሚገኘው ክብር እንዲህ ከሆነ፣ በምርጫ የሚገኘው ደግሞ የሀላቃ ሹመት ነው። ሀላቃ በድምፁ ከአማርኛው «አለቃ» ጋር ቢመሳሰልም፣ ሥራው የአዛዥነት ሳይሆን የአገልጋይነት ነው፤ ሕዝቡ በዱቡሻ መክሮ ይመርጠዋል፤ ተመራጩም ሀብቱን አውጥቶ ለደሬው ግብር ያበላል። የሹመቱ ሥርዓት ከመስቀል በዓል ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ አዲሱ ሀላቃ በአናቱ ላይ ብዙ ቅቤ ተደርጎለት፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ፣ በትር ይዞ፣ ሕዝብ እያጀበው የገበያውን ሜዳ ይዞራል። ቅቤ በዚያ ደጋ ውድ ነገር ነው፤ በወጥ ላይ በቁጥብነት ጠብ የሚደረገው ቅቤ በሰው ራስ ላይ ተቆልሎ በፀሐይ እየቀለጠ በግንባርና በትከሻ ላይ ሲወርድ፣ በገበያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዛሬ የተሾመው ማን እንደሆነ ከሩቅ ያውቃል። በአውሮፓ አርማ ከጋሻው በላይ በራስ ቁር አናት ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ነበረ፤ የሰጎን ላባም ከእነዚያ ጌጦች መካከል ዝነኛው ነው። ላባ በሰው አናት ላይ ክብርን ሲናገር ሁለት የማይተዋወቁ ዓለማት ተመሳሳይ ነገር መምረጣቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከሕዝብ መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው የሰው አካል ራስ ነውና።

ቅቤው «ምን ማለት ነው» የሚለው ጥያቄ በዓለም የምሁራን መድረክ ላይ ከታሰበው በላይ ሩቅ ሄዷል። በዶርዜ ጥናት ያደረገው ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ተምሳሌትነት ባሳተመው መጽሐፍ የዶርዜን ሹማምንት ቅቤ ዋና ምሳሌው አድርጎ፣ ተምሳሌት እንደ መዝገበ ቃላት ቃል አንድ የተወሰነ ፍቺ እንደሌለው፣ ይልቁንም የሚያየውን ሰው በሚያውቃቸው ነገሮች መካከል እንዲያስብ የሚያነሣሣ መሆኑን ተከራክሯል። ይህ ክርክር ለቤተሰብ አርማም በሚገባ ይሠራል። ቀይ ጀግንነትን፣ ሰማያዊ ታማኝነትን፣ ወርቅማ ለጋስነትን ያመለክታል የሚለው ዝርዝር፣ የኋለኛው ዘመን ጸሐፊዎች በልማዱ ላይ የጨመሩት ትርጓሜ ነው፤ የቀድሞው ፈረሰኛ ቀዩን የመረጠው ከሩቅ ስለሚታይና የጎረቤቱ ጋሻ ሰማያዊ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የአርማ ትርጉም በዋነኛነት የሚገኘው በቀለሙ ውስጥ ሳይሆን ያንን ቀለም እንዲይዝ የተፈቀደለት ማን ነው በሚለው ውስጥ ነው። ሀላቃው ላይ ያለው ቅቤም እንዲሁ ነው፤ ትርጉሙ ሌላው ሰው በዚያን ቀን በዚያ መጠን ሊቀባው አለመቻሉ ነው።

ስለ ቀለም ከተነሣ ዱንጉዛን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ዱንጉዛ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቀለማት የሚፈራረቁበት የጋሞ የሽመና ሥራ ሲሆን፣ በተለይ በዶርዜ ሸማኔዎች እጅ ዝናው የወጣ ነው። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ አውርዶ ሲሠራ፣ ድሩ በፊቱ ተወጥሮ፣ መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ማጉን ይዞ ይመላለሳል፤ ቢጫውን ለማስገባት ጥቁሩን ቆም ያደርጋል፤ ቀዩን ለማስገባት ቢጫውን ይተዋል፤ በያንዳንዱ ምላሽ ጥለቱ በጣት ውፍረት ያህል እንኳ አያድግም። ጥጡ የቆላ፣ እጁ የደጋ ነው፤ በአባያ ዙሪያ ያለው ሙቅ ምድር የሚያበቅለው ጥጥ ወደ ደጋው ወጥቶ ሸማ ሆኖ ስለሚመለስ፣ እንደ ጫኖ ያለ የቆላ ምድር በዚህ ልብስ ውስጥ ድርሻ አለው። በአውሮፓ የአርማ ሕግ ብሩህ የሆኑት ወርቅማና ብርማ ቀለማት እርስ በርስ፣ ጠቆር ያሉት ቀለማትም እርስ በርስ እንዳይደራረቡ የተወሰነው ምልክቱ ከሩቅ እንዲነበብ ነው፤ ቢጫው በጥቁሩና በቀዩ መካከል ሲበራ የሸማኔው ዓይን ያንኑ እውነት ያለ ጽሑፍ እንዳወቀው ይታያል።

ዱንጉዛ ቀድሞ የባለ ማዕረግ ልብስ ነበር፤ ዛሬ ግን በመስቀል በዓል፣ ጋሞዎች ዮ ማስቃላ በሚሉት የደስታ ወቅት፣ ሕፃንና አዛውንት፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ይለብሰዋል፤ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳም ለማንኛውም ገዢ ይሸጣል። የማዕረግ ምልክት ወደ ሕዝብ ምልክትነት ሲሸጋገር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በስኮትላንድ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ስም የተሰጠው ባለ መስመር ልብስ አለው የሚለው ሥርዓት በአብዛኛው የተደራጀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲሆን፣ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ በ1822 እ.ኤ.አ. ኤድንብራን በጎበኙ ጊዜ የተደረገው ዝግጅት ልማዱን በእጅጉ አስፋፍቶታል፤ ዛሬ ግን ልብሱ የእያንዳንዱ ስኮትላንዳዊ ኩራት ነው። የምልክት ዕድሜ ማጠር እውነትነቱን አያሳጣውም። ዱንጉዛም የጋሞን ሰው በየሄደበት የሚያስጠራው ለባሾቹ በፈቃዳቸው ራሳቸውን ስላወቁበት ነው።

ከሁሉም ምልክቶች በላይ ኃይሉ የተፈተነው ግን ማንም ከደጃፉ ሊነቅለው የሚችለው ለምለም ሳር ነው። በጋሞ ወግ አባቶች ሳር ይዘው በጠበኞች መካከል ሲቆሙ ጠብ መቆም አለበት፤ ያንን አልፎ የሄደ ሰው ጎሜ ይሸከማል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች ሳር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ምስሉ በመላው አገሪቱ ታየ። የቤት ምልክትን ታሪክ ለሚያጠና ሰው ይህ ክስተት ልዩ ክብደት አለው፤ ጋሻ የሰውየውን ማንነት ለጠላቱ ለማስታወቅ ሲወጣ፣ ሳሩ ግን የያዘውን ሰው የደሬው ሁሉ አባት አድርጎ ያቆመዋልና፣ የዚያን ቀን በዚያ ጎዳና የተነበበው የማንም ጎሳ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሲያወሱ የሥርዓቱን ጨለማ ገጽ መዝለል አይገባም። በአውሮፓ አርማ የሌለው ሕዝብ እንደነበረ ሁሉ፣ በጋሞም ከክብሩ ክበብ ውጭ የቆሙ ነበሩ፤ ሸክላ ሠሪው ማናና ቆዳ ፋቂው ደጋላ ከባለ ሙሉ መብቱ ማላ ጋር እንዳይጋቡ፣ በዱቡሻም እኩል ድምፅ እንዳይኖራቸው ተደርገው ኖረዋል። እዚህ ላይ ደጋላ የሚለው የእጅ ባለሙያዎች መጠሪያ ቀደም ሲል ከተጠቀሰው ዶጋላ ከሚባለው የጎሳ ወገን ጋር እንዳይምታታ፣ ማላ የሚለው ቃልም በአንድ በኩል የጎሳ ወገን፣ በሌላ በኩል የባለ መብት ዜጋ መጠሪያ ሆኖ እንደሚያገለግል ማስተዋል ይገባል። ሀላቃው የሚደግሰውን ማዕድ የሚሞሉት ማሰሮዎች ከማናው እጅ የወጡ ሆነው ሳለ ሠሪው ከማዕዱ መራቁ፣ ማንኛውም የክብር ምልክት ሲያከብር በዚያው የሚያገልለው ሰው እንደሚኖር ያሳያል፤ መገለሉ ደግሞ ለተገለለው ሰው የዕለት ተዕለት ሕይወት ነበር።

ከአርባ ምንጭ በስተ ደቡብ የሚኖሩት ኮንሶዎች የተለየ መንገድ ሄደዋል። በ9 ጎሳዎች የተከፈሉት ኮንሶዎች ለሞተ ጀግና ዋካ የሚባል የእንጨት ሐውልት ያቆማሉ፤ ሐውልቱ በግንባሩ ላይ ካላቻ የሚባለውን ጌጥ አድርጎ፣ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶች ወይም አውሬዎች በጎንና በጎኑ ተደርድረው ይታያሉ። ይህ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የአውሮፓን የመቃብር አርማ ይመስላል፤ የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ዋካዎቹም የዚያ ቅርስ አካል ሆነው ተቆጥረዋል። ጋሞ የሙታኑን ምስል አልቀረጸም፤ ምልክቱን በሕያዋን አካል ላይ ስላኖረ፣ ሰውየው ሲሞት ቅቤውም ላባውም አብረው ይጠፋሉ፤ በሙዚየም ለማስቀመጥ የሚመች ነገር ብዙም ያልተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎሳ ስም ከወረቀት ላይ የጠፋበት ታሪክ የሚጀምረው የዐፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ካስገበረበት ዘመን ነው። ጨንቻ የአስተዳደር መቀመጫ ሆና ቤተ ክርስቲያን፣ ፍርድ ቤትና ኋላም ትምህርት ቤት ሲከፈቱ፣ ጸሐፊው የሚያውቀው የሰሜኑን የስም አጻጻፍ ነበር፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ሲያስፈልግ የአያት ስም። ይህ አጻጻፍ ለርስት ተሟጋቹ የሰሜን ገበሬ ተስማሚ ሆኖ ያደገ ቢሆንም፣ ጎሳው ሁለተኛ ስሙ ለሆነው የጋሞ ሰው ግን ዋናውን ነገር ከወረቀቱ ውጭ ተወበት። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም በተጨማሪ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው በሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ለጋሞ ሰው የቤተሰብ ስም ፍለጋ አያስቸግረውም ነበር፤ ጎሳው ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበርና። በተግባር ግን የአገሪቱ ሕዝብ በለመደው የአባት ስም ቀጠለ፤ ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 760 ሥራ ላይ ሲውልም፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ የሚይዘው ያንኑ የስም፣ የአባትና የአያት ተራ ሆነ።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ከአገር በወጡት ላይ ነው። በውጭ አገር ቅጽ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ቦታ የሚሞላ ኢትዮጵያዊ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ስለሚጽፍ፣ ሚስቱም የራሷን አባት ስም ስለያዘች፣ አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ፤ እዚያ የተወለደው ልጃቸው ደግሞ አያቱን ወይም ቅድመ አያቱን የቤተሰቡ መሥራች አድርጎ፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ሁሉ ቆርጦ ያድጋል። ከአባያ ዳርቻ የሄደ ሰው ልጅ የቤተሰብ አርማ በሚሸጥበት ሱቅ ቆሞ ስሙን ቢጽፍ፣ የሚያገኘው የአንድ አያት ስም የተጻፈበት ባዶ ጋሻ ነው፤ ያ አያት ግን በሕይወት ሳለ ማንነቱን ሲጠየቅ የጎሳውን ስም ይናገር ነበር።

በጫኖ ዛሬም ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲላኩ፣ የልጁ ስምና ሥራ ከመነገሩ በፊት የሁለቱ ወገኖች ጎሳ መታወቅ አለበት፤ ጎሳው አንድ ከሆነ ንግግሩ እዚያው ያበቃል። የተጋቡት ልጅ ሲወልዱ የቀበሌው መዝጋቢ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በቅጹ ላይ ይጽፋል፤ ለጎሳው የተተወ መስመር ስለሌለ እሱን ለልጁ የሚነግሩት አያቶቹ ናቸው።